ሄይቲ የፈረሰችው ጦሯን ስለበተነች ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሄይቲን ወሮበሎች ወረዋታል። ምክንያቱ ደግሞ በ1990ዎቹ ጦሯን ስለበተነች ነው ሲባል እሰማለሁ። በጦርነት ነፃ የወጣች አገር እንዴት ጦሯን ታፈርሳለች? በዚያ ላይ አያቴ የሄይቲ ጄኔራል ጄኔቫ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ተናግሯል ይሉ ነበር። እውነት ነው?»

የአያትዎን ነገር ለመጨረሻ ላቆየው። ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መልሱን በአንድ ቃል ከፈለጉ «አይደለም» ነው። ግን የሰሙት ነገር ግማሹ እውነት ስለሆነ እንዲሁ ብሎ ማለፍ አይቻልም። እንደኔ እንደኔ የሄይቲ በሽታ አንድ የቆየ የገዢዎች አመል ነው። ገዢው ያለውን ታጣቂ ይፈራል። ሲፈራ ሌላ ታጣቂ አምጥቶ ጎኑ ያቆማል። የሚቀጥለው ገዢ ደግሞ ሁለቱንም ይፈራል። ይህን ይዘው ያንብቡልኝ።

ሄይቲ ውስጥ ጦሩ በዕድሜ ከአገሩ ይበልጣል። ያኔ ሳን-ዶሚንግ የምትባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። በኦገስት 1791 በሸንኮራ እርሻዎች የሚማቅቁት ባሪያዎች አመፁ። ቱሳን ሉቨርቱር የተበታተነውን ታጣቂ ወደ መደበኛ ጦር ለወጠው። ናፖሊዮን በ1802 ትልቅ ጦር ላከ። ቱሳንን ለድርድር ብለው ጠርተው ያዙትና ፈረንሳይ ወስደው ቀዝቃዛ ተራራ ላይ ባለ ምሽግ አሰሩት። በኤፕሪል 1803 እዚያው ሞተ። ጦሩን ዣን-ዣክ ደሳሊን ተረክቦ በኖቬምበር 18 ቀን 1803 ቬርቲዬር ላይ ፈረንሳዮቹን ድል አደረገ። ነፃነት የታወጀው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነው። እስቲ ያስቡት፤ ፓርላማ የለም፣ ፓርቲ የለም፣ የሲቪል አስተዳደር ልምድ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ያለው ተቋም ጦሩ ብቻ ነው። የነፃነት አዋጁን የፈረሙትም መኮንኖች ናቸው።

ደሳሊን ፈረንሳዮች ይመለሳሉ ብሎ ይሰጋ ነበር። በ1805ቱ ሕገ መንግሥት የማንቂያው መድፍ ሲተኮስ ከተሞቹ ይጠፋሉ፣ ሕዝቡም ተነሥቶ ይቆማል የሚል አንቀጽ አለ። ሕገ መንግሥት ሳይሆን ፉከራ ይመስላል። ደሳሊንን ግን ፈረንሳይ አልገደለችውም። በኦክቶበር 1806 አድፍጠው የገደሉት የገዛ ወታደሮቹ ናቸው። ከእሱ በኋላ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑን የያዘው አንሪ ክሪስቶፍ ራሱን ንጉሥ ብሎ ተራራ ጫፍ ላይ «ሲታደል» የሚባለውን ግዙፍ ምሽግ ሠራ። ምሽጉ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። ለፈረንሳይ ተብሎ የተደረደረው መድፍ አንድም ጊዜ ፈረንሳይ ላይ አልተተኮሰም።

ፈረንሳይ ግን መጣች። በ1825 አሥራ አራት የጦር መርከቦች ወደቡ ላይ ቆሙና ነፃነታችሁን የምንቀበለው 150 ሚሊዮን ፍራንክ ስትከፍሉ ነው አሉ። ያ ሁሉ ገንዘብ ለቀድሞዎቹ የእርሻና የባሪያ ባለቤቶች ካሳ መሆኑ ነው! ፕሬዚዳንት ቧዬ ፈረመ። በ1838 ዕዳው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም እሱን ለመክፈል ሌላ ዕዳ መበደር ግድ ሆነ። እኔ ይህን ዓመት እንደ መታጠፊያ ነው የማየው። ጦሩ የተሠራበት ጠላት በወረቀት ታረቀ። ጦሩ ግን አልቀነሰም። ጎረቤት ዶሚኒካንን ለመመለስ ከተደረጉት ያልተሳኩ ዘመቻዎች በቀር፣ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው የዞረው ወደ ውስጥ ነው።

የቀረውን 19ኛ ክፍለ ዘመን በፍጥነት ልለፈው፣ ታሪኩ ይደጋገማልና። አንድ ጄኔራል በየአውራጃው ገበሬ ያስታጥቃል፣ ወደ ዋና ከተማዋ ፖርት-ኦ-ፕሪንስ ይዘምታል፣ ቤተ መንግሥት ይገባል። ከዚያ ሌላው ይነሳበታል። በሰሜን «ካኮ» የሚባሉ፣ በደቡብ «ፒኬ» የሚባሉ የገበሬ ታጣቂዎች ነበሩ። ጄኔራል ያልሆነ ፕሬዚዳንት ለመምጣት እስከ 1913 መጠበቅ አስፈልጓል። ሚሼል ኦሬስት የሚባል ጠበቃ ነበር፤ ዓመት እንኳ አልሞላም። ከ1911 እስከ 1915 ብቻ ሰባት ፕሬዚዳንቶች ተፈራርቀዋል።

አሁን ሰው የሚረሳው ነገር መጣ። የሄይቲ ጦር መጀመሪያ የፈረሰው በ1995 አይደለም። በጁላይ 1915 መንግሥት 167 የፖለቲካ እስረኞችን አስገደለ። የሟቾቹ ወገኖች ተነሥተው ፕሬዚዳንት ሳምን ከተጠለለበት የፈረንሳይ ኤምባሲ ጎትተው አውጥተው ገደሉት። በዚያው ቀን የአሜሪካ ማሪኖች ከመርከብ ወረዱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆዩ። የነፃነቱን ጦር ወራሽ በትነው በምትኩ «ጃንዳርመሪ» የሚባል አዲስ ኃይል አቋቋሙ። የመጀመሪያው አዛዥ ስሜድሊ በትለር የሚባል የማሪን መኮንን ነበር። ሌሎቹም መኮንኖች አሜሪካውያን፣ ተራው ወታደር ሄይቲያዊ።

ይህ ኃይል ድንበር ለመጠበቅ አልተሠራም። ሥራው ጸጥታ ማስከበር፣ ግብር ማሰብሰብና ገበሬውን በግዴታ መንገድ ማሠራት ነበር። የግዴታ ሥራው ሕዝቡን አስመረረውና ሻርለማኝ ፔራልት የሚባል የቀድሞ መኮንን ሸፈተ። በ1919 አንድ ማሪን ተመሳስሎ ሰፈሩ ገብቶ ገደለው። ሬሳውን ከበር ሳንቃ ጋር አስረው ፎቶ አነሱና ሕዝቡ አይቶ ተስፋ ይቁረጥ ብለው በተኑት። ፎቶው የሆነው ግን ሌላ ነው። የተሰቀለ ክርስቶስ መሰላቸው። ፔራልት እስከ ዛሬ ጀግና ነው።

ማሪኖቹ በ1934 ሲወጡ ሁለት ነገር ትተው ሄዱ። አንደኛው ዋና ከተማዋ ላይ የተከመረ የጦር ኃይል ነው። ሌላው በየገጠሩ የተተከለ «ሼፍ ሴክሲዮን» የሚባል ሹም ነው። የኛን የጥንቱን ጭቃ ሹም ያስቡ፤ ግን ይኼኛው ጦር ሠራዊቱ የሾመው፣ የሚያስር፣ የሚዳኝ፣ ግብር የሚሰበስብ ነው። ለአብዛኛው የሄይቲ ገበሬ መንግሥት ማለት እሱ ነበር።

ጦሩ የአገር ጦር ነበር ወይ ለሚለኝ ሰው ሁሌ የምጠቅሰው 1937ን ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ የዶሚኒካኑ አምባገነን ትሩሂዮ ድንበር አካባቢ ያሉ ሄይቲያውያንን አስጨፈጨፈ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ በቆንጨራ። የሄይቲ ጦር አንድ ጥይት አልተኮሰም። መንግሥት በስተመጨረሻ 750 ሺህ ዶላር ካሳ ተስማማ፤ እሱም ተሸራርፎ 525 ሺህ ሆነ። በዓመታት ውስጥ ግን ይኸው ጦር ቤተ መንግሥት ማስለቀቅ አልከበደውም። በ1946 ፕሬዚዳንት ሌስኮን አወረደ። በ1950 ኤስቲሜን አወረደና ኮሎኔል ማግሏር ራሱ ተቀመጠ። በ1957 ዳንኤል ፊኞሌን ከ19 ቀን ሥልጣን በኋላ ከአገር አስወጣው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በጦሩ ድጋፍ አንድ ዝምተኛ የገጠር ሐኪም ተመረጠ። መኮንኖቹ ይህን እንደፈለግን እናዘዋለን ሳይሉ አልቀሩም። ፍራንሷ ዱቫሊዬ ይባላል። ፓፓ ዶክ።

እዚህ ጋ ረጋ ልበል፣ የዛሬው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

በጁላይ 1958 ስምንት ሰዎች በጀልባ ከፍሎሪዳ መጡ። ሦስቱ የተባረሩ የሄይቲ መኮንኖች፣ አምስቱ አሜሪካውያን ናቸው። በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ዋና ከተማ ገቡና ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ያለውን የደሳሊን ካምፕ ያዙ። ስምንት ሰው! ዱቫሊዬ ሰምቶ ሻንጣ እያዘጋጀ ነበር ይባላል። ያዳነው ሲጋራ ነው ተብሎ ይወራል። ከወራሪዎቹ አንዱ የአገሩ ሲጋራ አማረውና ከተያዙት አንዱን ግዛ ብሎ ላከው። ተላላኪው ቁጥራቸውን ተናገረ። ሁሉም ተገደሉ።

ዱቫሊዬ ከዚህ የተማረው ጦሩ እንደማይጠብቀው ነው። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት አስገባው። የጦር አካዳሚውን በ1961 ዘጋው። ከሁሉ በላይ ግን የራሱን ታጣቂ አቆመ። ሕዝቡ «ቶንቶን ማኩት» አላቸው። በተረት ውስጥ አስቸጋሪ ልጆችን ጆንያ ውስጥ ከትቶ የሚወስድ አጎት ነው፤ የኛ አያ ጅቦ እንደማለት። ደመወዝ የላቸውም፣ ስለዚህ ከሕዝቡ ይዘርፋሉ። አለቃቸው ጦሩ ሳይሆን ዱቫሊዬ ብቻ ነው። በ1967 አሥራ ዘጠኝ መኮንኖችን አስረሸነ። ተኳሾቹ የገዛ ጓዶቻቸው እንዲሆኑ አስገድዶ ነው።

(ጃንሆይ በኤፕሪል 1966 ከጃማይካ ጉብኝት በኋላ ፖርት-ኦ-ፕሪንስ ሲወርዱ የተቀበላቸው ይኸው ሰው ነበር። በማኩቶቹ ምክንያት ከዓለም ተገልሎ ስለነበር ለእሱ ትልቅ ድግስ ነበር።)

ልጁ ዣን-ክሎድ በ19 ዓመቱ ወርሶ እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1986 ገዛ። ሕዝቡ ሲነሳበት በአሜሪካ አውሮፕላን ወደ ፈረንሳይ ወጣ። ሥልጣኑን ማን ወሰደው? ጦሩ። ጄኔራል ናምፊ። አንዳንድ ማኩት በሕዝብ እጅ ተገደለ፣ ድርጅቱም ፈርሷል ተባለ፣ መሣሪያውን ግን ማንም በቅጡ አልሰበሰበም። በኖቬምበር 29 ቀን 1987 ምርጫ ሊካሄድ ሲል ወታደሮችና የድሮ ማኩቶች መራጮችን ጣቢያው ውስጥ ጨፈጨፉ። በ1988 አንድ ምሁር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፣ አምስት ወር ሳይቆይ ናምፊ ገለበጠው፣ ናምፊን ደግሞ ጄኔራል አቭሪል ገለበጠው። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ነው።

በዲሴምበር 1990 የድሃ ሰፈር ቄስ የነበረው ዣን-ቤርትራን አሪስቲድ 67 ከመቶ በሚሆን ድምፅ አሸነፈ። ሥልጣን ሲይዝ አዛውንት ጄኔራሎችን በጡረታ አሰናበተ፣ ሼፍ ሴክሲዮኖቹንም ነካ። ስምንት ወር አልሞላም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1991 ጄኔራል ራኡል ሴድራስና የፖሊስ አዛዡ ሚሼል ፍራንሷ ገለበጡት። ቀጥሎ የመጣው ሦስት ዓመት ለጦሩ የመጨረሻው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ተገደሉ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በጀልባ ሸሹ። ጦሩ «አታሼ» የሚባሉ ሲቪል ታጣቂዎችን አሰማራ። «ፍራፕ» የሚባል ድርጅትም ተቋቋመ። መሪው ኤማኑኤል ኮንስታን ከሲአይኤ ገንዘብ ይቀበል እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ኮኬይን በአገሪቱ ማለፉም ተጧጧፈ። ፍራንሷ በኋላ በ1997 አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ተከሷል።

በኤፕሪል 1994 ደግሞ ጎናኢቭ ከተማ ራቦቶ በሚባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ወታደሮች ገብተው ነዋሪውን ፈጁ። የራቦቶን ስም ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን። እግረ መንገዴን አንድ ጉድ ልንገርዎ። በሌለበት ከተፈረደባቸው መኮንኖች አንዱ ኮሎኔል ዶሬሊየን ፍሎሪዳ ተሰዶ ሳለ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ሎተሪ ወጣለት። የዕድል ነገር! ከዓመታት ክስ በኋላ ከዚያ ገንዘብ የተረፈው ለራቦቶ ተጎጂዎች ተከፋፈለ።

በሴፕቴምበር 1994 ጂሚ ካርተር ከሴድራስ ጋር ሲደራደሩ ፓራሹተኞች የጫኑ አውሮፕላኖች አየር ላይ ነበሩ። ሴድራስ ተስማማና ፓናማ ገባ። አሜሪካ ቤቶቹን ሳይቀር ተከራየችለት። አሪስቲድ በ20 ሺህ የአሜሪካ ወታደር ታጅቦ ኦክቶበር 15 ቀን ተመለሰ። ጦሯን በ1948 ያፈረሰችው የኮስታ ሪካ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ኦስካር አሪያስም ጦሩን አፍርሰው ብለው ይጎተጉቱት ነበር። በ1995 በተነው። ሰባት ሺህ ገደማ ሰው ነው። የቀረው የሙዚቃ ባንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የጠቅላይ መምሪያው ሕንፃ ለሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ተሰጠ። ይህቺን ውሳኔ እወዳታለሁ።

እኔ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ያ ጦር ሊታረም የሚችል አይመስለኝም። አፈራረሱ ግን ጥድፊያ ነበር፣ ሦስት ነገርም ሳይዘጋ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጦር ይኖራል ይላል፣ አልተሻሻለም፤ ስለዚህ ጦሩ በሕግ ነበረ፣ በአካል አልነበረም። ወታደሮቹ ጡረታቸውንም ሌላ ሥራም ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። መሣሪያውም በአብዛኛው አብሯቸው ሄደ። ጥይትና ቂም ይዞ ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሆን ይታወቃል። አዲሱ ፖሊስ በችኮላ የተመለመለ ልጅ ነበር፣ ያንን ሁሉ ሸክም አልቻለውም።

አሪስቲድስ? ጦር የሌለው ፕሬዚዳንት ሆነና ጠላቶቹን ሲፈራ ወደ ድሃ ሰፈር ወጣቶች ዞረ። ተቃዋሚዎቹ «ሺሜር» ይሏቸው ነበር። ዱቫሊዬና አሪስቲድ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። አመሉ ግን ያው ነው። ከታጣቂዎቹ አንዱ ራሱን «ሰው በላው ጦር» ብሎ የሚጠራ የራቦቶ ቡድን ነበር። አዎ፣ ያቺ ራቦቶ። መሪው በ2003 ሲገደል ተከታዮቹ ያስገደለው አሪስቲድ ነው ብለው ከዱት። በፌብሩዋሪ 2004 ጎናኢቭን ያዙ። ከዶሚኒካን በኩል የገቡት የተበተነው ጦር ሰዎች ተቀላቀሏቸው። ከእነዚህ አንዱ ሉዊ-ዦደል ሻምብላን በራቦቶው ጭፍጨፋ የተፈረደበት ሰው ነው! ገዳይና የተገዳይ ሰፈር አብረው ዘመቱ። በፌብሩዋሪ 29 አሪስቲድ ከአገር ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ገብቶ እስከ 2017 ቆየ።

ሰላም አስከባሪው በወጣበት በ2017 ፕሬዚዳንት ዦቭኔል ሞይዝ ጦሩን መልሶ አቋቋመ። ቀኑን ሲመርጥ ኖቬምበር 18ን፣ የቬርቲዬርን በዓል። ያኔ ዋናው ኃይል ኢኳዶር የሠለጠኑ 150 ገደማ ሰዎች ነበሩ፣ ብዙዎቹም መሐንዲሶች። በፌብሩዋሪ 2020 ደሞዝ የጠየቁ ፖሊሶች ሰልፍ ወጥተው ከዚህ አዲስ ጦር ጋር ለሰዓታት ተታኮሱ። ካርኒቫሉ ተሰረዘ። ሞይዝ በጁላይ 2021 መኝታ ቤቱ ውስጥ ሲገደል ጦሩ ኖሮ አላስጣለውም።

ስለዚህ ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፦ ዛሬ ከወሮበሎቹ በጣም የሚታወቀው «ባርቤኪው» የሚባለው ጂሚ ሼሪዚዬ የቀድሞ ፖሊስ ነው። ካናዳ በ2022 የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ሚሼል ማርቴሊን ወሮበሎችን ይደግፋል ብላ ማዕቀብ ጥላበታለች። እነዚህ ቡድኖች ጦሩ የተወውን ባዶ ቦታ አይተው ከሜዳ የበቀሉ አይመስለኝም። ፖለቲከኛና ነጋዴ ለምርጫና ለወደብ ሲል ያስታጠቃቸው ናቸው። በኋላ አለቃ አያስፈልገንም አሉ። ጦሩ አለመኖሩ መንገዱን አቀለለላቸው፤ ይህን አልክድም። ጦሩ በነበረበት ዘመን ግን ማኩትም አታሼም ፍራፕም ነበሩ።

አሁን የአያትዎ ነገር። እውነታቸውን ነው። ሰውየው ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ይባላል፣ የሄይቲን የነፃነት ጦርነት የጻፈ የጦር ታሪክ ሊቅም ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በኦክቶበር 1935፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ብርቱም ሆነ ደካማ፣ አንድ ቀን የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል እንፍራ ብሏል። ከበርሊን እስከ ሮም ፀጥ ብለው የሚሰሙበት ጊዜ ባይሆንም ተናገረው። የአሜሪካ ማሪኖች ከአገሩ ከወጡ ገና ዓመት ከሁለት ወራቸው ነበር።